አራስ ከቆጥ ስትወርድ

በእኛ አገር አራስ መሬት ላይ አትተኛም። መሬት የሚተኛ ሐዘንተኛ ነው። ሰው የሞተበት ቤተሰብ አልጋውን ትቶ ወለል ላይ ቁርበት አንጥፎ ይሰነብታል፤ ለቅሶ ደራሹም ገና ከደጅ ሆኖ የቤቱን ባለቤት መሬት ላይ ሲያየው ነገሩ ይገባዋል። አራስ ግን የደስታ ሰው ናትና ከፍ ተደርጋ ትተኛለች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወግ ላስተምር ብዬ አይደለም። አንድ ነሐሴ ላይ አገር ምድሩን ያስለቀሰው ይኸው ነገር ስለሆነ ነው።

ውባለም እባላለሁ። የተወለድኩት ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በእግር ግማሽ ቀን ከምታስኬድ አንዲት ጎጥ ነው። ያን ጊዜ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ፊዚክስ አስተምር ነበር። አሁንም አስተምራለሁ። ባለቤቴ ደሳለኝ እዚያው ኬሚስትሪ ያስተምራል። እሱ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ እኔ ምላሴ የሰላ፣ ትዕግሥቴ አጭር ነኝ። ተማሪዎቼ ፊዚክስን የሚያጠኑት ወደው ሳይሆን እኔን ፈርተው ነው እየተባለ ሲታማ ሰምቻለሁ፤ ሐሜቱም ውሸት አይደለም።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ዘመኑ ተቀይሮ በሐኪም እጅ ከተማ ብወልድም፣ አክስቴ ቤት ጥቂት ቀን አርፌ በበቅሎ ወደ እናቴ ቤት ተወሰድኩ። እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ መምጣቴን ስትሰማ የሠራችውን ዝግጅት ብነግራችሁ ሰምታችሁ አትጨርሱትም። ቅቤው፣ ማሩ፣ የገንፎው እህል፣ የታረደው በግ፣ ሁሉም ተሰናድቶ ነበር። ከሁሉ በላይ የተሰናዳው ግን ቆጡ ነው።

ቆጥ የማታውቁ ካላችሁ፣ በቤቱ ጥግ ከግንድና ከርብራብ የተሠራ፣ በመሰላል የሚወጣበት ከፍ ያለ መኝታ ነው። ከሥሩ ጥጆች ይታሰራሉ። የቤቱ ክብር ያለው እዚያ ላይ ነው፤ የተከበረ እንግዳ እዚያ ይተኛል፣ አራስም እዚያ ትተኛለች። ከታች የጥጆቹ ትንፋሽ ያሞቃል፣ ከጎን እሳቱ ያሞቃል። እናቴ ደራርባ ባነጠፈችው ቁርበትና ጋቢ ላይ ወጥቼ ስቀመጥ ራሴ ቆርቆሮውን ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው።

ቆርቆሮውን ያለበሰው አባቴ ነው፤ ከማረፉ በፊት ሣሩን አንስቶ በቆርቆሮ ተካው። ሣር ክዳን ጭሱን ቀስ እያለ ያሳልፈው ነበር። ቆርቆሮው ዝናብም አያስገባ፣ ጭስም አያስወጣ። በዚያ ላይ ማብሰያዋ ጎጆ በክረምቱ ዝናብ ግድግዳዋ ስለተናደ እሳቱ ወደ ዋናው ቤት ገብቷል። እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ኩበቱም ዝናብ የነካው። የጉና ተራራ በጉም ተሸፍኖ የሰነበተበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ሰሞን ስለነበር እሳቱ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። እናቴ እሳቱ ዳር ዱካዋን፣ ያቺን አጭር በርጩማ፣ አስጠግታ፣ አጎንብሳ ትቆሰቁሳለች፣ እፍ ትላለች፣ ገንፎ ታገነፋለች። እኔ ከላይ ሆኜ ዓይኔን እጠርጋለሁ።

ልጄ ገና ክርስትና ስላልተነሳች ስም አልወጣላትም ነበር። ሁላችንም «ልጅቱ» ነበር የምንላት። መጀመሪያ ላይ ጠብታ ያህል ሳል ነበረች። ከዚያ ሳሏ እየበዛ፣ ጡት እየሳበች መሀል ላይ እያቋረጠች ማልቀስ ጀመረች።

«ብርድ ነው» አለች እናቴ። «በሩ ክፍተት አለው። ነግሬሽ አልነበር?»

የበሩን ሥር በገለባ ጠቀጠቀችው። እሳቱ ላይ ሌላ ግንድ ጨመረች። ልጅቱ ባሰባት። እናቴም እንደገና ብርድ ነው ብላ እንደገና ጨመረች። እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን።

ደሳለኝ የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ስልክ የሚሠራው ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ ጎረቤት ልኬ ጭሱ ዓይኔን እያጠፋው መሆኑን ነግሬው ነበር። ጭቃውን ሰንጥቆ ሲመጣ ትምህርት ቤታችን ለተማሪ ማሳያ በስጦታ ያገኘውን የብናኝ መለኪያ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ሳሙና የምታህል ነገር ናት። አየር ትስብና ውስጡ ያለውን፣ በዓይን የማይታየውን፣ ከዱቄትም የደቀቀውን ብናኝ ትለካለች። ጥሩ ከሆነ አረንጓዴ፣ ደከም ካለ ቢጫ፣ ከከፋ ቀይ መብራት ታበራለች። በጣም ሲከፋ ትጮኻለች።

ደሳለኝ መሰላሉን ወጥቶ ልጅቱን ሊስም ሲያጎነብስ በሳል ተንፈራፈረ። ስሞም ሳይጨርስ ወረደ። ከዚያ መለኪያዋን ከረዥም በትር ጫፍ ላይ አሰራት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች እናቴ። አማቿ ስለሆነ አንቱ ትለዋለች።

«አየሩን ልለካ ነው እማማ። እዩት፣ አብረን እንየው።»

በሩን ገርበብ አድርጎ በትሩን ወለሉ ላይ፣ የበሩ ደፍ አጠገብ አስቀመጠው። አረንጓዴ በራ። ወደ እሳቱ፣ የእናቴ ዱካ አጠገብ አመጣው፤ ቢጫና ቀይ እየተፈራረቀ በራ። ቀስ አድርጎ ከፍ አደረገው። ሰው ቆሞ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቀይ ሆኖ ቀረ። ወደ ቆጡ፣ እኔና ልጅቱ ወደነበርንበት ሲያደርሰው መለኪያዋ መጮኽ ጀመረች፤ ልጅቱም ደንግጣ አለቀሰች። ወደ ታች ሲመልሰው መለኪያዋ ዝም አለች።

ነገሩ እኔ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሥዬ የማስተምረው ነው። ትኩስ ጭስ ሽቅብ ይወጣል። ቆርቆሮው ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣና ወደ ጎን ይንጣለላል፤ ከሥር ሌላ ይመጣበታል፤ እየወፈረ ወደ ታች ይወርዳል። እሳት የሚያነደው ሰው አጎንብሶ ስለሚቀመጥ አብዛኛው ጭስ ከራሱ በላይ ያልፋል። ደመናው ውስጥ የሚውለው ለክብሩ ሲባል ከፍ የተደረገው ሰው ነው። እናቴ ለእኛ ሳስታ እሷ ከታች እየዋለች፣ እኛን መርዙ መሀል ሰቅላን ነበር።

«እማ፣ እንውረድ» አልኳት። «በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ አንጥፊልን።»

እጇ ላይ የነበረውን ማማሰያ ጣለችው። «ምን አልሽ?»

«ወለሉ ላይ።»

«አራስ መሬት ላይ? በእኔ ቤት? ሟርቱን ከአፍሽ ይንቀለው!» ወደ ደሳለኝ ዞረች። «እርስዎም የተማሩ ሰው ነዎት። ዕቃዎ ቀይ ስላበራ ልጄን መሬት ላስተኛ? ሰው ቢያይ ምን ይላል? ነገ አንድ ነገር ብትሆን ሞትን ራሴ ነኝ የጠራሁባት።»

«እማማ፣ ጭሱ ነው የሚጎዳት።»

«ጭስ ማንን ጎድቶ ያውቃል? ቤቱን ከምስጥ የጠበቀው ጭስ ነው። እዩት፣ የዘር በቆሎዬን» አለች፣ ከቆጡ በላይ ተንጠልጥሎ የጠቆረውን ዘለላ እየጠቆመች። «እዚያ የሰቀልኩት ነቀዝ እንዳይበላው ነው። ጭስ ያለበት ነቀዝ ዝር አይልም።»

«ነቀዝ የሚገድል ነገር ልጄን ምን ያደርጋታል ታዲያ?» አልኩ ከላይ ሆኜ።

እናቴ ማማሰያዋን አንስታ አጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደሳለኝ በዓይኑ ተይ አለኝ። ያን ቀን እንደተኳረፍን መሸ፤ እኛም እዚያው ቆጡ ላይ አደርን።

በማግሥቱ ጠዋት ልጅቱ ጡት አልይዝ አለች። አፏ ውስጥ ባደርግላትም ትተፋዋለች። ስትተነፍስ አፍንጫዋ ይርገበገባል፣ ከጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ማልቀስም ትታለች፤ በየትንፋሿ ስታቃስት ብቻ ነው የሚሰማው። ደሳለኝ አይቷት ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሐኪም ቤት አሁኑኑ» አለ። «ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ልፈልግ።»

«ወንዱ ሁሉ ማዶ ለአረም ደቦ ሄዷል» አለች እናቴ። «ወንዙም ሞልቷል። ማን ያሻግራታል?»

እሷን አልሰማም፤ ወጥቶ ሮጠ። ከደጅ የሚሰማኝ ጭቃው ከእግሩ ሥር ሲንቦጫረቅ ነበር። እናቴ ወደ እሳቱ ተመልሳ አጎነበሰች፤ እፍ ስትል ጭሱ ተግተልትሎ ወደ እኔ መጣ። እዚያ ላይ ሆኜ ያሰብኩትን አልረሳውም። ልጄ ዛሬ ልትሞት ነው፤ የምትሞተውም በፍቅር ነው ብዬ አሰብኩ። መጮኽ አማረኝ። ግን በጩኸት እናቴን አሸንፌያት አላውቅም።

«እማ» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እሳቱን ተይውና ወደዚህ ውጪ።»

«ምን ልሠራ?»

«ከጎኔ ተኚ። ልጅቱን አንቺ እቀፊያት። ትንሽ ብቻ።»

ተገርማ አየችኝ። ደክሞኝ መሰላት መሰለኝ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መሰላሉን ወጣች። የመጨረሻ ልጇ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ወዲህ እሷ ከታች መደቡ ላይ ነው የምትተኛው፣ ቆጡን ለእንግዳ ትታዋለች። ልጅቱን ደረቷ ላይ አስተኛኋትና ከጎኗ ተጋደምኩ። ወዲያው ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እንባዋ በጆሮዋ ላይ መውረድ ጀመረ። አንዴ ሳለች። እንደገና ሳለች። ለመነሳት ብድግ ስትል ራሷ ይበልጥ ወደ ቆርቆሮው ቀረበና ትንፋሽ አጥሯት ተመልሳ ተኛች።

«እንዲህ ነው የምትውዪው?» አለችኝ።

«እንዲህ ነው የምንውለው።»

ልጅቱን አየቻት፤ የሚሰረጉደውን ሆዷን በመዳፏ ነካችው። ልጅቱን አቅፋ ወረደች። መደቡ ላይ አስቀምጣት ይሆናል ብዬ ሳስብ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ የጠቀጠቀችውን ገለባ በእግሯ ጠረገችው። የሚነደውን ግንድ በእጇ ጎትታ ደጅ ዝናብ ላይ ጣለችው፤ ፍሙን በአካፋ ዝቃ አወጣችው። ከዚያ በሩ አጠገብ፣ ንፋሱ በቀጥታ ከማይመታው ጎን፣ ደረቅ ጭድ በብዛት ነስንሳ ቁርበት አነጠፈችበት።

«ውረጂ» አለችኝ።

ወረድኩ። ልጅቱን ራቁት ደረቴ ላይ ለጥፌ በሁለት ጋቢ ተጠቀለልን፤ ከጭሱ ይልቅ የእኔ ገላ ያሞቃታል። እናቴም ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ትንሽ ቆይቶ የልጅቱ አፍንጫ መርገብገቡን ቀነስ አደረገ። አልዳነችም፤ ማቃሰቷም አልቀረም። ግን በመሀሉ አንድ ረዘም ያለ ትንፋሽ ወሰደች። እናቴና እኔ ተያየን።

ይህን ጊዜ ነው ጎረቤታችን እቴ ማሬ ውኃ ቀድታ በደጃችን ያለፈችው።

እስኪ በእሷ ዓይን እዩት። የአራስ ቤት በር ተከፍቷል። እሳቱ ወጥቶ ደጅ ተጥሎ በዝናብ እየጠፋ ነው። አራሷ መሬት ላይ ናት። እናቷ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ እንባዋ ይወርዳል። እንባው የጭስ እንባ መሆኑን ማን ይንገራት?

ጀሪካኑ ከጀርባዋ ሲወድቅ ሰማሁት።

«ወየው! ወየው ጥሩዬ! ሳትጠመቅ! ወየው!»

«ኧረ ማሬ! ኧረ ዝም በይ!» ብላ እናቴ ስትነሳ እቴ ማሬ ፊቷን እየመታች ወደ ጉብታው እየሮጠች ነበር። እዚያ ቆማ የለቀቀችው ኡኡታ እስከ ማዶ ሄደ። ከማዶ ሌላ ሴት ተቀበለቻት። ከታች ሌላ ተቀበለች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አልሞተችም! አልሞተችም!» ትላለች፤ ማን ይስማት? በዚያ ጩኸት ውስጥ እሷም ከአልቃሾቹ አንዷ ነው የመሰለችው።

ደቦው ወዲያው ተበተነ። ወንዱም ሴቱም ሥራውን እየጣለ፣ ነጠላውን እያዘቀዘቀ በየአቅጣጫው መጣ። ግቢው ሞላ። ሴቶቹ ገብተው መሬት ላይ ሲያዩኝ ለቅሷቸው ባሰ፤ አንዷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ሕያው ናት፣ እዩዋት» እላለሁ፤ «አይ ልጄ፣ አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉኛል። ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው መስሏቸዋል።

ደሳለኝም ማዶ ሆኖ ሰማው። ኡኡታው ከየት ቤት እንደመጣ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ሕዝቡን ገፍቶ ሲገባ ከጉልበቱ በታች ጭቃ ብቻ ነበር፤ አንድ ጫማው የለም። ከፊቴ በጉልበቱ ወደቀና አንገቱን ደፋ። ልጅቱን ማየት አልቻለም።

«ደሴ» አልኩት። «ደሴ፣ እጅህን ወዲህ አምጣ።»

እጁን ይዤ ከጋቢው ሥር ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩት። በዚያው ቅጽበት ልጅቱ ሳለች። ትንሽ፣ ደረቅ ሳል ናት። ከዚያ ሰው ብዛቱና ጩኸቱ አስጨንቋት ነው መሰለኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ደሳለኝ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እቴ ማሬ «እንዴ!» አለች፤ የመታችው ፊቷ አብጦ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከደጅ ሆነው «ታዲያ ምን አድርጉ ብላችሁ ነው ያሯሯጣችሁን?» ሲሉ ሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ።

የንስሐ አባታችን ቄስ ጥበቡ መቋሚያቸውን እንደያዙ ገብተው ልጅቱን አዩ። እሳቸው አልሳቁም።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነች?» አሉ።

«ዛሬ ጠዋት ባሰባት አባቴ» አለች እናቴ። «ሰው አጥተን ነው። ወንዙንም ፈርተን።»

ቄሱ ወደ ደጅ ዞሩ። «ልትሸከሙ አይደል የመጣችሁት?» አሉ ጮክ ብለው። «ተሸከሙ እንጂ! እንጨት ቁረጡ!»

ሰው አጥተን ነበር፤ አሁን ግቢያችን ውስጥ የቀበሌው ጎልማሳ ሁሉ ቆሟል። ለሕክምና ብንጠራቸው ደቦውን ጨርሰው፣ በሬ አስገብተው ነበር የሚመጡት። ለለቅሶ ግን ሰው ያለበትን ጥሎ ይመጣል። ቃሬዛው በፍጥነት ታሠረ። እኔና ልጅቱ ተጋድመን ላስቲክ ለበስን፣ ወጣን። ቄስ ጥበቡ ከጎናችን ይሄዳሉ። በእጃቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። ለምን እንደያዙት አልነገሩንም፤ ሁላችንም አውቀናል። መንገድ ላይ ካቃታት ሊያጠምቋት ነው።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ደፍርሶ ይጎርፋል። ወንዶቹ ተያይዘው ሰንሰለት ሠሩ፤ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት። መሀል ላይ ስንደርስ ልጅቱ ዝም አለች። ማቃሰቷ ቆመ።

«አባቴ፣ ዝም አለች» አልኩ።

ቄሱ ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ሆነው የጠርሙሱን ክዳን በጥርሳቸው ከፈቱ። «ስሟን ማን ልበላት?» አሉኝ። ስም ብናገር ሞቷን የፈረምኩ መሰለኝ። ጆሮዬን አፍንጫዋ ላይ አደረግሁ። የወንዙ ድምፅ ምንም አያሰማም። ጉንጬን አስጠጋሁት፤ ከዚያ አንዲት ቀጭን ትንፋሽ ጉንጬን ነካችኝ። ሌላም ተከተለች።

«ተኝታ ነው» አልኳቸው። «አባቴ፣ ትተነፍሳለች። ተኝታ ነው።»

ክዳኑን መልሰው ገጠሙት።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሷ ልጅቱን ከእጄ ነጥቃ ኦክስጅን አደረገችላት፣ መርፌ ወጋቻት። የሳንባ ምች ነው አለችን። ብትዘገዩ ኖሮ ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። ከዚያ «ጭስ ያለበት ቤት ነው የተኛችው?» ብላ ጠየቀች። ልመልስ ስል እናቴ ቀደመችኝ። «አውርጃታለሁ» አለች። «ከጭሱ አውርጃታለሁ።»

ያተረፋት መድኃኒቱ ነው ወይስ መውረዷ? ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ሁለቱም እላቸዋለሁ። መድኃኒት በሽታውን ያክማል፤ መርዙን እየማገች የተኛች ልጅ ግን መድኃኒቱ ጋ ሳትደርስ ልትቀር ትችላለች። ከመለኪያው ይልቅ እናቴን ያሳመናት ራሷ እዚያ መተኛቷ መሆኑንም እነግራቸዋለሁ።

ከሰነበትንበት ጤና ጣቢያ ስንመለስ እናቴ ቀድማን ቤት ደርሳ ነበር። ቆጡ የለም። ግንዱ ተፈልጦ ደጅ ተከምሯል፤ የተናደችው ጎጆ ግድግዳ ተመርጎ እሳቱ ወደዚያ ሄዷል። ለእኔና ለልጅቱ መስኮቱ ሥር ዝቅ ያለ አልጋ ተዘርግቷል። ደስ ብሎኝ ልስማት ስል ፊቷን አየሁት።

«የእኔዎቹስ?» አለችኝ።

ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባታል፤ ሁለቱም በአራስነቷ። ይህን ድፍን አገር ያውቃል፣ እሷ ግን አንስታው አታውቅም።

«እማ፣ ያኔ ክዳኑ ሣር ነበር» አልኳት። «በሌላ በሽታም ይሆናል። አይታወቅም።»

«በሣር ክዳንም ቢሆን ቤቱ ይጨሳል። ሁለቱም የክረምት ልጆች ነበሩ። በር ዘግቼ፣ እሳት አንድጄ፣ ቆጡ ላይ ነው የያዝኳቸው። አንቺ ጥቅምት ተወለድሽ፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ነው ያደግሽ።» የልጅቱን ጋቢ አስተካከለችና «ባውቅ ኖሮ አወርዳቸው ነበር» አለች።

የማውቀው ፊዚክስ ሁሉ ለዚያ ጥያቄ አልጠቀመኝም። አቅፌያት አለቀስን፤ ያንን የመሰለ ለቅሶ ከእሷ ጋር አልቅሼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ሲመቸኝ መለኪያዋን ከበትር ጋር ይዤ ወደ ጎጦቹ እወጣለሁ። ጋይንትም እስቴም ስማዳም ሄጃለሁ፤ ወገዳ ገበያ ላይ ያወቁኝ ሴቶች «የበትሯ መምህርት» ይሉኛል። ድሮ ቢሆን ገብቼ «ይህ ጭስ ልጅ ይገድላል» ብዬ እጮኽ ነበር። አሁን መጀመሪያ እቀመጣለሁ። ከዚያ ባለቤቲቱን ቆጡ ላይ ወጥታ ትንሽ እንድትተኛ እለምናታለሁ።

እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ ከክረምት በፊት እሳቱን ከመኝታ ቤት አውጡ። ማውጣት ካልቻላችሁ ከላይ ቀዳዳ ክፈቱለት፤ አራሷንና ሕፃኑን ዝቅ አድርጋችሁ ከእሳቱ ራቅ፣ ወደ አየሩ ቀረብ አድርጓቸው። ሰው ምን ይለናል ብትሉ እኛን የሚለውን ሁሉ ብሎናል፤ በቁማችን ሳይቀር አልቅሶልን ሄዷል። ለሌሎችም ንገሩ። ስትናገሩ ግን የእናቶችን ፊት እያያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ይሁን፤ ከመካከላቸው አንዷ ዝም ብላ የራሷን ልጆች እየቆጠረች ይሆናል።